የጌጡ ቆጣሪና አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች

ባለፈው እሑድ ታላቅ ወንድሜ ከባሕር ዳር ደወለ። ባለቤቴ ጌጡ ሰኔ ላይ ካረፈ ወዲህ በየእሑዱ ይደውላል፤ በየእሑዱም የሚለኝ ያንኑ ነው። ቤቱን አከራዪው፣ ዕቃሽን ሸክፊ፣ ነይ። እዚህ ብርዱ የለም፣ እዚህ ሐኪም ቅርብ ነው፣ እዚህ ሰው አለሽ። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ጨመረበት።

«ያን ቆርቆሮ ኮምፒውተር ደግሞ ይዘሽ እንዳትመጪ። ለቁራሌው ስጪው።»

ስልኩን ዘጋሁና ተነሣሁ። ንዴት ለሐዘንተኛ አንድ ጥቅም አለው፤ ከተቀመጠችበት ያስነሣታል። ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር የሸፈንኩበትን አሮጌ ነጠላ ገፈፍኩና አበራሁት። ማራገቢያው እንደ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አሳለና ተነሣ። በጥቁሩ መስኮት ላይ ነጫጭ መስመሮች ወደ ላይ መሮጥ ጀመሩ። ከእነዚያ መካከል አንዷን ጠበቅኋት፤ መጣች። ለኔትወርክ ካርዱ የሚያስፈልገው ክፍል መግባቱን የምትናገር መስመር ናት። ማሽኑ ዛሬ ከማንም ጋር አይገናኝም፤ ገመዱ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል። እርሱ ግን በተነሣ ቁጥር እንደ ድሮው ይሰናዳል። ያቺን መስመር እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ በቃሌ አስጽፌ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለሁ።

ይህን የምጽፈው በዚሁ ማሽን ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በቀን አንድ ገጽ ከወጣልኝ ጥሩ ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አንበሳሜ ተወልጄ፣ ባሕር ዳር ተምሬ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ በኮንትራት ተቀጠርኩ። ያኔ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ አቧራው ጸጉሬን አሽብቶት፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ በአንድ እጄ፣ ሻንጣዬን በሌላው ይዤ ነበር። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለጉልበቷ ልትሄድ ስለነበር አልሸኘችኝም። «ብርድ ነው አሉ አገሩ፤ ሹራብ ደርቢ» ብላ ብቻ ላከችኝ። እውነቷን ነበር። በጥቅምት ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ በሹራብም አይመለስም።

የተሰጠኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የኑግ ሽታው ከሳንቃው አልለቀቀም ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጄዲ። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ አሥራ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ራስ ላይ የንብረት ቁጥሩ በነጭ ቀለም፣ ጎልቶና አምሮ ተጽፏል። ሦስት ቁጥር ላይ ቀለሙ የአየር ማስወጫውን ሁሉ ደፍኖታል።

«ይህን የጻፈው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላዬ አንድ ረጅም ጎልማሳ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ። «የማይታይ ቁጥር ምን ቁጥር ነው?»

ጌጡ ነበር። የንብረት ክፍል ሠራተኛው። የጋፋት ልጅ ነው፤ በየጠዋቱ ከዚያ በእግሩ ስለሚመጣ ጫማው ጭቃ አያጣም። እስከ ዲቁና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሮ፣ ዘግይቶ አስኳላ የገባ፣ ወረቀት ላይ ያለን ነገር እንደ ዳዊት የሚያከብር ሰው። ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ምክንያቱም በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ይቆምና፣

«መምህርት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» ይላል።

«አምስት ደቂቃ ስጠኝ።»

«የምሰጠው አምስት ደቂቃ የለኝም። ኮርኒሱ አቡጄዲ ነው፤ ሳንቃው ደግሞ ስንት ዘመን የኑግ ዘይት የጠጣ ነው። አንዲት ብልጭታ ብትወድቅ ነገ የምቆጥረው አመድ ነው።»

«አንተ ሰው ነህ ወይስ ቆጣሪ?»

«ቆጣሪውን ፈርሜ የተረከብኩ ሰው ነኝ» ይልና ወደ ግድግዳው ሄዶ ማብሪያውን ቀጭ ያደርገዋል። አሥራ ሁለቱም መስኮቶች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ያን ድምፅ የምጠላውን ያህል የምጠላው ነገር አልነበረም።

ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ባዶ ነበሩ። ባሕር ዳር ያስተማረኝ መምህር በሰጠኝ ሲዲ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫንኩባቸው። ሁሉም ተነሡ፤ ጽሑፍ ይጽፋሉ፣ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ገመዱ ደህና ነው፣ የካርዱ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አንዲት ቃል አታልፍም። ከበላይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤ መጣ። በኔትወርክ ተገናኝተው አገልግሎት የማይሰጡ ኮምፒውተሮች ተሰብስበው ባሕር ዳር ይገባሉ፤ የሚያዩ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። ኮምፒውተሮቹ ከሄዱ ትምህርቱ ይዘጋል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ አንበሳሜ ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው የሥርዓቱ ልብ ከርነል ይባላል። ይህ ልብ በዓለም ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ አይዞርም። ለማተሚያው፣ ለድምፁ፣ ለኔትወርክ ካርዱ፣ ለእያንዳንዱ የሚሆን ትንንሽ ፕሮግራም አለ፤ ሞዱል ይሉታል። የሚያስፈልገውን ታስገቢያለሽ፣ የማያስፈልገውን ታወጫለሽ። የሚገርመው፣ ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም። እየሠራ ሳለ ከልቡ ላይ አንዱን አንስተሽ ሌላውን ትተኪያለሽ። ይህን የተማርኩት በሦስት ሳምንት ኮርስ ነው፤ ማስገቢያውም ማውጫውም ትእዛዝ ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከርነሉ ውስጥ ማን ማን እንደገባ ዝርዝሩን አስወጣሁ። የኔትወርክ ካርዱን የያዘው ቱሊፕ የሚባል ሞዱል ሆኖ አገኘሁት። የአበባ ስም ነው ይላሉ፤ አበባውን እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም። ለእኛ ካርዶች የተሠራው ግን እርሱ አልነበረም። ዘመዱ ነው፣ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይመጣና «አውቀዋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ካርዱም መብራቱን ያበራለታል። ሥራ ግን የለም። ትክክለኛው ሞዱል፣ ስሙ አራት ፊደል ብቻ የሆነው፣ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ጠሪ ያጣ ነበር። እርሱን ላስገባው ስል ካርዱ ተይዟልና የምይዘው የለም ብሎ ይመለሳል። ቱሊፕን ላወጣው ስል ደግሞ «በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። አሥር ጊዜ በሥራ ላይ ነው አለኝ። እንባዬ መጣ።

ጌጡ ቁልፉን እያንሿሿ ገባና ከትከሻዬ በላይ አየ።

«ምን እያለ ነው?»

«አልወጣም እያለ ነው። በሥራ ላይ ነኝ ይላል። ምንም ሳይሠራ!»

«ሠራም አልሠራም ገብቷላ» አለ ጌጡ፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «ቅዳሴ የገባ ዲያቆን እኮ መሐል ላይ አይወጣም። ድምፁ ቢጠፋም፣ ዜማው ቢሰበርም፣ ቆሞ ያስጨርሳል። እኔ ራሴ አንዴ ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ አስጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«መምህርቷ አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው፣ መጀመሪያ አገልግሎቱ ያልቃል፣ ከዚያ ሕዝቡ ይሰናበታል፣ ከዚያ ይወጣል። አሁን ግን ተነሺ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ቀጭ።

እየተሳደብኩ ወጣሁ። ከግቢው በር ላይ ድንች ቀቅላ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከእርሷ አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ቆምኩ። አገልግሎቱ! ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሣ የኔትወርክ መስመሩን ራሱ ይከፍተዋል። መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ቱሊፕ ቆሟል፣ ያገለግላል። ዝም ብሎ ውጣ ስለው እንዴት ይወጣል? መጀመሪያ መስመሩን መዝጋት ነበረብኝ። ወደ ኋላ ሮጥኩ። ጌጡ በሩን ቆልፎ እየወጣ ነበር።

«ክፈትልኝ!»

«ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል።»

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከእርሱ ቀድሜ በሩ ላይ ነበርኩ። መስመሩን ዘጋሁ። ቱሊፕን ውጣ አልኩት፤ ያለ አንዳች ክርክር ወጣ። ባለ አራት ፊደሉን አስገባሁት፤ ካርዱን አገኘ። መስመሩን መልሼ ከፈትኩ። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረግሁና ከአንድ ቁጥር ወደ ሁለት ቁጥር ጥሪ ላክሁ። መለሰ። እንደገና ጠራሁ፤ እንደገና መለሰ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አሥራ ሁለቱም ይጠራሩ ነበር። ተማሪዎቼ እልል አሉ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ዘሀራ ናት፤ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ አባቷን ለምና ከሱቁ ግማሽ ቀን የተለቀቀች። ጌጡም ቁልፉን ይዞ መጥቶ አየ፤ «እንዲህ ነው እንዴ» ብሎ ብቻ ሄደ። የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ አለነ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ደግ ሰው፣ ስልክ አንስተው ባሕር ዳር አበሠሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጌጡ መጣ። ቀጭ። ያን ዕለት አልተከራከርኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያላወቅሁት ነገር ነበር። እኔ የተማርኩበት ክፍል ኮምፒውተሮች ቀንም ሌሊትም አይጠፉም ነበር። አንድ ጊዜ ያስገባሁት እንደገባ ይኖር ነበር። በእጅ የገባ ሞዱል መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። እያንዳንዷን ምሽት ቆጣሪ የሚዘጋ የጋፋት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ይህን አለማወቅ ምን እንደሚያመጣ ሐሙስ ጠዋት ተረዳሁ።

ሦስት ሰዎች በነጭ ፒካፕ መጡ። ከኋላ ባዶ ካርቶን ጭነዋል፤ ከመምጣታቸው በፊት ወስነው እንደነበር ካርቶኑ ይናገራል። አለቃቸው የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ የመንገዱ አቧራ ያስቆጣው ባለሙያ ነበር። አንድ ቁጥር ላይ ተቀመጠና ሁለት ቁጥርን ጠራ። ዝም። ሦስትን ጠራ። ዝም። ዝርዝሩን አየሁ። ቱሊፕ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጧል።

«ትናንት በስልክ የተበሠረልን ይኸ ነው?» አለ ባለሙያው።

አቶ አለነ ወለሉን አዩ።

«ካርቶኑን አስገቡ» አለ ባለሙያው ለሾፌሩ። «እስከ ምሳ እንጨርስና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረታን እንለፍ።»

ዘሀራ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በሩ ላይ ቆማ ነበር። «መምህርት፣ ሊወስዷቸው ነው? አባዬ እኮ ትምህርት አለኝ ብዬው ነው የለቀቀኝ። እነዚህ ከሄዱ እኔ ዛሬውኑ ባንኮ ኋላ ነኝ» አለች።

ባለሙያው ወረቀት አውጥቶ ለጌጡ ሰጠው። ዕቃዎቹ የማይሠሩ መሆናቸውን ጠቅሶ የሚያዘዋውር ቅጽ ነው፤ የንብረት ክፍል ካልፈረመበት ዕቃ ከግቢ አይወጣም። ጌጡ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንዴ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ።

«ይህ ወረቀት አይሠሩም ይላል። እኔ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ገና ሦስት ሰዓት ነው።»

«ጌጡ፣ ተው ልጄ» አሉ አቶ አለነ። «ፈርምና ይለፍ።»

«አያ አለነ፣ አንቱ ይዘዙኝና ግንድ ልሸከም። ያላየሁትን እንድፈርም ግን አይዘዙኝ።»

ያኔ ነው እኔም ምላሴ የተፈታው። «አይወጡም» አልኩ። ወንበሩን ስቤ ባለሙያው አጠገብ ተቀመጥኩ። መስመሩን ዘጋሁ፣ ቱሊፕን አወጣሁ፣ ሌላውን አስገባሁ፣ መስመሩን ከፈትኩ። በሁለተኛውም ላይ። ጠራሁ፤ መለሰ። ባለሙያው ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጥሩ። አሁን አጥፊና አብሪው።»

አጠፋሁ። አበራሁ። ቱሊፕ።

«አየሽ? ይህ ጥገና አይደለም፣ ድጋፍ ነው። እጅሽን ስታነሺ ይወድቃል። በየጠዋቱ መጥተሽ አሥራ ሁለት ጊዜ ልትጎነበሺ ነው?»

ልክ ነበር። እስከ ዛሬ ልክ እንደነበር አምናለሁ። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር።

«እጎነበሳለኋ! እርስዎ ነዎት እንዴ የሚጎነበሱት? ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ እጎነበሳለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቼ ይገባሉ። ግን አያስፈልግም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጡኝ። ምሳችሁን ብሉ።»

«ለመብላት ነው የመጣነው?»

«ባትበሉም ካርቶኑ አይንቀሳቀስም» አለ ጌጡ፣ ቁልፉን ወገቡ ላይ መታ መታ እያደረገ። «የግቢው በር ቁልፍ እዚህ ነው።»

ሾፌሩ ሳቀ። ምናልባት ያዳነን የእርሱ ሳቅ ነው፤ ርቦትም ነበር መሰለኝ። ሄዱ።

ኮምፒውተሩ ሆዱ ውስጥ የራሱ መጽሐፍ አለው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር። እንግሊዝኛው ከባድ ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ ዘርግቼ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እዘላለሁ። ጌጡ ወጥቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ድንች በአዋዜ ይዞ ተመለሰ። በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው እገልጣለሁ። የአዋዜው ምልክት ዛሬም ደብተሬ ላይ አለ፤ ቡናማ ሆኗል። ያን የመሰለ ድንች ከዚያ በኋላ አልበላሁም፤ ድንቹ ግን ያው የደብረ ታቦር ድንች ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ጌጡ። «ይህን አበባ ትናንት አስወጣሽው። ዛሬ ማን ጠርቶት መጣ?»

«እንጃ። ማሽኑ ራሱ ነው የሚጠራው።»

«ማሽኑ ከየት ያውቀዋል? እኛ ደብር ላይ በዚህ ሳምንት ማን እንደሚያገለግል የሚጻፍበት የሰሞነኛ ዝርዝር አለ። ስሙ እዚያ ላይ ካለ፣ ዛሬ ብታሰናብቺው ነገ ይመጣል። ተራው ነዋ። ዝርዝሩን ነው መንካት ያለብሽ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ወረቀት የሚያመልክ ሰው ብቻ የሚያስበው ነገር ነው። የትም ቦታ ሳይጻፍ የሚሆን ነገር ያለ አይመስለውም። መጽሐፉን ትቼ ዝርዝር ፍለጋ ገባሁ። ከሰባት ሰዓት በፊት አገኘሁት። አንድ ትንሽ ፋይል፣ ውስጡ ጥቂት መስመሮች። ከእነርሱ አንዷ ለመጀመሪያው የኔትወርክ ካርድ የሚጠራው ቱሊፕ ነው ትላለች። የአበባውን ስም ሰርዤ የሌላውን ጻፍኩ። አስቀመጥኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ባለ አራት ፊደሉ ማንም ሳይጠራው መጣና ቦታውን ያዘ።

ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። ጌጡ ድንቹን የያዘበትን ወረቀት ጥሎ ተነሣ።

ከዚያ ሩጫ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የማሽኖቹ አነሣስ ዘገምተኛ ነበር፤ መብራቱም መሐል ላይ አንዴ ሄዶ መጣ። አሥራ አንደኛውን ስጨርስ የፒካፑ ጡሩምባ በሩ ላይ ተሰማ። ጌጡ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ሁለት ደቂቃ ቆሞ ጠበቀና ከፈተላቸው።

ባለሙያው ከንፈሩን በመሐረብ እየጠረገ ገባ። «እህስ?»

አፌን ሳልከፍት ጌጡ ወደ ግድግዳው ሄደ። እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። በየቀኑ የምረግመው እጅ ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት።

ቀጭ።

ክፍሉ ጨለም አለ። ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጌጡ እስከ አሥር ቆጠረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በግዕዝ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ዐሠርቱ ሲል መልሶ አበራ። እኛም እየዞርን አስነሣናቸው። መስመሮቹ ወደ ላይ ይሮጣሉ፤ እኔ ያቺን አንዷን ብቻ እጠብቃለሁ። አንድ ቁጥር ላይ መጣች። ሁለት ላይ መጣች። ባለሙያው ራሱ ተቀምጦ መጥራት ጀመረ። መለሱለት። አሥራ አንድ ድረስ መለሱለት። አሥራ ሁለተኛው ዝም አለ።

«ይህስ?»

«ይህን አልደረስኩበትም። ቀድማችሁ ጡሩምባ ነፋችሁ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩን ወደ አሥራ ሁለተኛው ስቦ ተቀመጠና ጃኬቱን አወለቀ። «አሳዪኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እኔ እየነገርኩት እርሱ ጻፈ። አጠፋ፣ አበራ፣ ጠራ። መለሰለት። ከዚያ ባለሙያው ያልተፈረመውን ቅጽ ከጠረጴዛው አንስቶ ለሁለት አጠፈው።

«ለጊዜው ይቆዩ» አለ።

ለጊዜው ያለው ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ባዶዎቹ ካርቶኖች በመጡበት ተመለሱ፤ አንዱ ተረስቶ ቀረ፣ እርሱንም ጌጡ ቁጥር ሰጥቶ መዘገበው።

ያን ቀን ከግቢው አብረን ወጣን። ደስታዬን የምካፈለው ሰው እርሱ ብቻ በመሆኑ ተናድጄ ነበር። «ሁሉ የመጣው ባንተ ቆጣሪ ነው» አልኩት። «በየቀኑ ባታጠፋብኝ ረቡዕ አልቆ ነበር።»

«ባላጠፋብሽ ኖሮ አለማወቅሽን ሳታውቂ ትኖሪ ነበር» አለኝ።

ለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ስፈልግ ቆየሁና በሦስተኛው ጥር ላይ አገባሁት። በቤታችንም ቆጣሪውን አልተወም። ገበያ ስንሄድ ያጠፋል፣ ልቅሶ ስንሄድ ያጠፋል፤ ስንት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ወተት እንደተበላሸብን እግዚአብሔር ይወቀው። ኮምፒውተሮቹ አርጅተው ሲወገዱ አሥራ ሁለተኛው ለእኔ ተሰጠኝ። ያመጣልኝ ባሌ ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ «ፈርመሽ ተቀበይ» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ፈረምኩ።

አሁን የጎረቤት ሴቶች ይመጡና መስቀያው ላይ ያለውን የጌጡን ጋቢ እያዩ፣ «ትርንጎ፣ ይህን አውጪው፤ እያየሽው ሐዘኑ እንዴት ይወጣልሻል?» ይሉኛል። ለእኔ አስበው ነው። ግን እንዲወጣልኝ የለመንኩት ማን ነው? ጋቢው እዚያው ይሰቀላል። ሲበርደኝም እለብሰዋለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ወንድሜ ደወለ።

«ወሰንሽ?»

«ወስኛለሁ። አልመጣም።»

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ልጆች አስተምራለሁ፤ አንዷ የዘሀራ ልጅ ናት። እናቷ ዛሬ የራሷ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ልጅቱ ደግሞ የማሽኑን ሆድ ካላየሁ ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት ሞዱል ማውጣት አሳየኋት። ‹በሥራ ላይ ነው› አላት። ራሷ እንድታገኘው ትቻታለሁ።»

«ትርንጎዬ፣ ጌጡ እኮ የለም።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ሰሞነኛ ነኝ።»

«እሺ፣ እሑድ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ። ይደውል። የምለውም ያው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። በመስኮቱ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይታየኛል፤ ነፋሱም ያው ከጉና በኩል ነው። ይህን ጽሑፍ አስቀምጣለሁ፣ ነጠላውን እመልስለታለሁ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄጄ ማብሪያውን እንደ እርሱ ቀጭ አደርገዋለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መልሼ አበራዋለሁ። ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ያስላል። መስመሮቹ ይሮጣሉ። ያቺ አንዷ ትመጣለች።